መድኃኒቱን የሚሠሩት ተክሉና ፈንገሱ ሁለት ሆነው ነው

(የመለያ ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ ይሰማና ዝቅ ይላል)

ዛሬ ስለ መድኃኒት ዕፀዋት እናወራለን። ከተክሉ ጋር ግን ሌላ ፍጡርም አለ፤ ከሥሩ ጋር ተዋሕዶ የሚኖር ፈንገስ። ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የዳቦ ሻጋታ ወይም በእግር ጣቶች መሃል የሚወጣው ሕመም ነው። ስለዚህ ፈንገስ በተክል ውስጥ ያለውን መድኃኒት ያበዛል ሲባል መጀመሪያ ላይ ግር ሊል ይችላል። ነገሩ ከቻይና የኦርኪድ ማሳ ይነሣና አቃቂ ቃሊቲ ጓሮ ድረስ ይመጣል፤ አብራችሁን ቆዩ። አንድ ነገር ላስቀድም፦ በዚህ ዝግጅት የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የመድኃኒት ተክል ከጫካ ወጥቶ በማሳ ወይም በጓሮ ሲለማ፣ ቅጠሉም አበባውም ያው ሆኖ ሳለ፣ መድኃኒቱ አንዳንዴ ለምን ይደክማል? የባህል ሐኪሞቻችን "የበረሃው ይበልጣል"፣ "የገደሉ ይበልጣል" ሲሉ ሰምተናል። ይህን አባባል እንደ ተራ እምነት ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። አንድ ዓይነት ተክል ከቦታ ቦታ፣ ከዘር ዘር የተለያየ ኃይል እንዳለው በአገራችን በሳይንስ ታይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ የብልሐርዝያን ተውሳክ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚያ በኋላ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያነጻጸሩ፣ ዓይነት 44 የሚባለውን በኃይሉ መረጡት። ሁለቱም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ሁሉ እንዶድ ነው፤ ቀንድ አውጣ የመግደል አቅሙ ግን እኩል አይደለም።

ለዚህ ልዩነት ዘር አንዱ ምክንያት ነው። ከፍታ፣ ዝናብ፣ የመልቀሚያ ወቅትና የአደራረቅ ዘዴም አሉበት። ለረጅም ጊዜ ከቁጥር ሳይገባ የቆየው ግን በሥሩ ውስጥ ያለው ፈንገስ ነው። ይህን ከማንም በላይ ጎላ አድርጎ የሚያሳየን የኦርኪድ ቤተሰብ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

(አጭር ሙዚቃ)

በዓለም ላይ ከ25,000 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በሆቴል መግቢያ ላይ በሚቀመጠው ውድ አበባ ነው። አንድ የኦርኪድ ፍሬ በውስጡ ከሺህዎች እስከ ሚሊዮን የሚደርስ ዘር ይይዛል። ዘሩ ከአቧራ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። ስንዴ ወይም ባቄላ ብንዘራ፣ ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚመገበው ምግብ በዘሩ ውስጥ ተቀምጦለታል። የኦርኪድ ዘር ግን ስንቅ ሳይቋጥር መንገድ እንደ ወጣ ሰው ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚያበላው ካላገኘ ይቀራል። የሚያበላውም ፈንገስ ነው። የፈንገሱ ቀጫጭን ክሮች ወደ ዘሩ ይገባሉ፣ በሴሎቹ ውስጥ ይጠቀለላሉ፤ ተክሉም ጥቅሎቹን እየፈጨ ስኳርና ማዕድን ያገኛል። ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ሕይወቱ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ይህን መጀመሪያ የተረዳው ኖኤል ቤርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ነበር። በ1899 የውትድርና አገልግሎቱን እየፈጸመ ሳለ ሜለን ከተማ አጠገብ ባለው ጫካ ውስጥ በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ አንድ የኦርኪድ ግንድ አገኘ። ፍሬዎቹ መሬት ውስጥ ተቀብረው ዘሮቹ በቅለው ነበር። ወስዶ በማጉያ መነጽር ሲመረምራቸው በሁሉም ቡቃያዎች ውስጥ የፈንገስ ክር አየ። ከዚያ በፊት የኦርኪድ ዘር እንዴት እንደሚበቅል አትክልተኞች አያውቁም ነበር፤ ብዙ ዘርተው ጥቂት ቢያገኙ ዕድል ነው ይሉ ነበር። ቤርናር በ1911 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለ አረፈ። ለዛሬው ርእሳችን ትልቁ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሠራው ሌላ ሥራ ነው። ከመሬት በታች የሚያድጉ የኦርኪድ ድንቾችን ከፈንገስ ጋር አጠጋግቶ ሲያስቀምጥ፣ ድንቹ ፈንገሱ አልፎ እንዳይሄድ የሚያግድ ነገር እንደሚያመነጭ አስተዋለ።

ያ ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው በ1950ዎቹ ነው። በስዊዘርላንድ ዙሪክ፣ ኤርንስት ጎይማንና ባልደረቦቹ ፈንገስ ከነካው የኦርኪድ ድንች ኦርኪኖል የሚባል ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የጠቅላላው ነገር ቁልፍ ይሄ ነው። ድንቹ ይህን ንጥረ ነገር በብዛት የሚያመነጨው ፈንገሱ ሲነካው ነው። ኦርኪኖል የሚመደበው ደግሞ ፌናንትሪን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ወገን ነው፤ ዛሬ የመድኃኒት ተመራማሪዎች ከእስያ ኦርኪዶች ለይተው የሚያጠኗቸው ብዙዎቹ ንጥረ ነገሮችም የዚያው ወገን ናቸው። በሌላ አነጋገር እኛ መድኃኒት የምንለው ነገር ለተክሉ ከጎረቤቱ ጋር ወሰን የሚያበጅበት መሣሪያ ነው። ፈንገሱን ያስገባዋል፣ ምግብ ይቀበለዋል፣ ከልኩ እንዳያልፍ ደግሞ በኬሚካል ይገታዋል። ጎረቤቱ ከሌለ ወሰኑን ለምን ያጥራል?

በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ፣ በጠርሙስ ውስጥ ስኳርና ማዕድን ባለበት ጄሊ ላይ እንደሚበቅል አሳየ። ይህ ዘዴ የኦርኪድ አበባን ከሀብታሞች ግቢ አውጥቶ ለዓለም ገበያ አበቃው። ለአበባ ንግድ ትልቅ ድል ነበር፤ አበባው በጠርሙስ ቢያድግም መልኩ አይቀንስም። ለመድኃኒት ግን ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። ተክሉ ከጠርሙሱ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ የማያውቀው ዓለም ውስጥ ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሊሞት ይችላል፣ የሚተርፈውም በጫካ ያለ ዘመዱ የሚያዘጋጃቸውን ንጥረ ነገሮች በዚያው መጠን ላያዘጋጅ ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ቻይና እንሂድ። እዚያ ቲየንማ የሚባል ኦርኪድ አለ። ቅጠል የለውም፣ አረንጓዴ ቀለምም የለውም፤ ከመሬት በታች ያለ ድንች ነው፣ አበባ ሲያወጣ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ለራስ ምታት፣ ለራስ ማዞርና ለሚጥል ሕመም ለብዙ መቶ ዓመታት በባህል ሕክምና ሲያገለግል ኖሯል። ዋናው ንጥረ ነገሩ ጋስትሮዲን ይባላል። ሰዎች ከጫካ እየቆፈሩ ሊጨርሱት ሲቃረቡ ለማልማት ተሞከረ፤ መሬት ላይ ቢዘሩት፣ ቢኮተኩቱት፣ ማዳበሪያ ቢሰጡት እምቢ አለ። ሹ ጂንታንግ የሚባሉ ተመራማሪ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለዓመታት ደክመው ምስጢሩን ፈቱት። ቲየንማ ሁለት ፈንገሶች ያስፈልጉታል። ዘሩ እንዲበቅል ማይሲና የሚባል ትንሽ እንጉዳይ፤ ከበቀለ በኋላ ድንቹ እንዲያድግ ደግሞ አርሚላሪያ የሚባል፣ እንጨት የሚበላ ፈንገስ። ዛሬ የቻይና ገበሬ ቲየንማ ሲያለማ ከሁሉ በፊት የሚያለማው ፈንገሱን ነው። ግንድ ይቆርጣል፣ አርሚላሪያ ያስይዘዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ከድንቹ ጋር ይቀብረዋል። ፈንገሱ ግንዱን ይበላል፣ ኦርኪዱ ፈንገሱን ይበላል። የአርሚላሪያው ዓይነት ሲለያይ ምርቱም የጋስትሮዲኑም መጠን እንደሚለያይ ተመራማሪዎች ስላዩ፣ ገበሬዎች የሚመርጡት ዘሩን ብቻ ሳይሆን ፈንገሱንም ነው።

አርሚላሪያ እኛም አገር አለ። የሚታወቀው ግን በጠላትነት ነው። ዶክተር አለሙ ገዛኸኝና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ በተተከሉ ደኖች ውስጥ የዛፎችን ሥር የሚያበሰብሰው አርሚላሪያ ፉስኪፔስ የሚባለው ዝርያ መሆኑን ለዩ። ለአንዱ ተክል መጋቢ፣ ለሌላው ገዳይ የሆኑ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ማንም "ፈንገስ ጥሩ ነው" ብሎ ያገኘውን ሁሉ ሥር ላይ እንዳይጨምር አደራ። ጥቅሙ ያለው በትክክለኛው ጥንድ ላይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ዴንድሮቢየም ነው። በዛፍ ቅርፊትና በዓለት ላይ የሚበቅል የእስያ ኦርኪድ ነው። የቻይና የመድኃኒት መመሪያ ዴንድሮቢየም ኦፊሲናሌ ለሚባለው ዝርያ ደረጃ አውጥቶለታል፤ ከደረቀው ግንድ ቢያንስ 25 በመቶው ፖሊሳካራይድ የሚባለው የስኳር ሰንሰለት ካልሆነ ብቁ አይባልም። ዴንድሮቢየም ኖቢሌ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ዴንድሮቢን የተባለ፣ ከአልካሎይዶች ወገን የሆነ ንጥረ ነገር አለው። የቻይና ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ሥራ፣ ከማይሲና ወገን የሆነ አንድ ፈንገስ ከዚህ ተክል ሥር ጋር ሲያገናኙ ዴንድሮቢኑ ከፍ አለ። ወደ ጂኖቹ ወርደው ሲያዩም የንጥረ ነገሩን መሥሪያ ሂደት የሚመሩ ጂኖች ሥራቸው ተለውጦ አገኙ። ፈንገሱ ዴንድሮቢኑን ሠርቶ አልሰጠውም፤ ተክሉ ራሱ እንዲሠራ አነሣሣው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን። ኢትዮጵያ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሏት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር በ2004 ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መመሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። አንዳንዶቹ በሣር ሜዳና በረግረግ ዳር የሚበቅሉ፣ ከመሬት በታች ድንች ያላቸው ናቸው፤ ሌሎቹ በደቡብ ምዕራብ የቡና ደኖች በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ይኖራሉ። በ2013 የጅማና የቤልጂየም ተመራማሪዎች አብረው ባሳተሙት ጥናት፣ ደኑ ሲቆራረጥም ቡናው እየጠነከረ ሲለማም የዛፍ ላይ ኦርኪዶች እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚጠፋው ኦርኪዱ ብቻ አይደለም፤ በቅርፊቱ ውስጥ የነበረው፣ ለቀጣዩ ዘር ምግብ የሚሰጠው ፈንገስም አብሮ ይሄዳል። የእነዚህ አበቦች የመድኃኒት ሀብት ገና ሳይመረመር አጋራቸውን እያጣን መሆኑ ያሳዝነኛል።

በኦርኪድ ያየነውን ነገር ለሌሎች ዕፀዋት እንዘርጋው። ከየብስ ዕፀዋት አብዛኞቹ ከሥራቸው ጋር የሚኖር ፈንገስ አላቸው። ጀርመናዊው አልበርት ፍራንክ በ1885 ይህን የሥርና የፈንገስ ጥምረት ማይኮራይዛ ብሎ ሰየመው። በእኛ ደኖችና ማሳዎች በብዛት ያለው ዓይነት ከኦርኪዱ ይለያል። በዚህኛው ተክሉ ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ለፈንገሱ ይሰጣል፤ ፈንገሱ ደግሞ ሥሩ ከማይደርስበት አፈር ፎስፈረስ፣ ዚንክና ውኃ ያመጣለታል። ጥምረቱ ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ እንዳለው በስኮትላንድ በተገኙ የድንጋይ ቅሪቶች ታይቷል።

በአገራችን ይህን በዝርዝር ካጠኑት አንዱ ዶክተር ተስፋዬ ውበት ናቸው። ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር በደጋው ደረቅ ደኖች ውስጥ በጥቁር እንጨት ሥር ያሉትን ፈንገሶች በዘረ መል ለዩ። ጥቁር እንጨት፣ በኦሮምኛ ሆሚ የሚባለው፣ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ዕጢ ሕመም መድኃኒት የሚወጣበት ዛፍ ነው፤ በመላው አፍሪካ ቅርፊቱ እየተላጠ ስለተመናመነ ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። እኚሁ ተመራማሪ በ2006 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ይበልጥ ልቤን ይነካል። ጽድና ዝግባ በአንድ ደን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ፣ በሥራቸው የሚኖሩት ፈንገሶች የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ያው አፈር፣ ያው ዝናብ፤ እያንዳንዱ ዛፍ ግን የራሱ ባልንጀሮች አሉት። እንግዲህ ጽድ ከነበረበት መሬት ላይ አፈር ቆፍረን በከረጢት ሞልተን ዝግባ ብንተክልበት፣ ዝግባው የሚያውቃቸውን ላያገኝ ይችላል ማለት ነው። ይህ ለችግኝ ጣቢያዎቻችን ትልቅ ትምህርት ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር እምሩ ብርሃነም በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የዕጣን ዛፍ ችግኞች ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር ሲሆኑ እየቆራረጠ በሚመጣ ዝናብ ውኃውን የተሻለ እንደሚጠቀሙና እንደሚያድጉ አሳይተዋል።

ስለ መድኃኒቱ ንጥረ ነገርስ? በአሪቲ ዘመድ በአርቴሚሲያ አኑዋ ላይ ግልጽ ማስረጃ አለ። ይህ ተክል የወባ መድኃኒት የሚወጣበት ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ በዚሁ ሥራቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። አገራችንም ከ2004 ጀምሮ ኮአርተም የሚባለውን የዚህ ወገን መድኃኒት ቀዳሚ የወባ መድኃኒት አድርጋዋለች። በህንድ ሩፓም ካፑርና ባልደረቦቿ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥሩ ፈንገስ የያዘ አርቴሚሲያ ቅጠሉ ላይ መድኃኒቱ የሚጠራቀምባቸው ጥቃቅን ዕጢዎች በዙ፤ አርቴሚሲኒኑም ጨመረ። በጣልያን ደግሞ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት በበሶብላ ላይ ሦስት ፈንገሶች ሞክረው ነበር፤ የዘይት ዕጢዎቹንና የዘይቱን ምርት በግልጽ ያበዛው አንዱ ነው። ሦስት ተሞክሮ አንድ መሆኑን ልብ በሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቃቂ ቃሊቲ ደረስን። ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ፣ ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ አድማጮች አፈራችሁን ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውኃ ይዞ ይቆያል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እነዚህ ፈንገሶች አየር ይፈልጋሉ፤ ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ ይዳከማሉ። ስለዚህ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት ወይም ጦስኝ የምትተክሉ ሰዎች ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፤ ውኃው በቦይ ይውረድ። በዋልካ ላይ መደብ እየሠሩ መዝራት በዚህ አካባቢና በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር የቆየ ዘዴ ነው። ከዚያው ምርምር ማዕከል የወጣ "አቃቂ" የሚባል የሽምብራ ዝርያም አለ። ሽምብራ ማይኮራይዛ ወዳድ ነው፤ እሱ በነበረበት መሬት ላይ የመድኃኒት ተክል ብትተክሉ ፈንገሱን አፈሩ ውስጥ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የወንዝ ዳሩ አትክልት ግን ሌላ ነው። ከአቃቂ ወንዝ ዳር ለዓመታት የሚለማው በአብዛኛው ጎመንና ቆስጣ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአጋጣሚ ማይኮራይዛ ከማይዙት ጥቂት የዕፀዋት ቤተሰቦች ውስጥ ናቸው። ጎመን በጎመን ላይ፣ ቆስጣ በቆስጣ ላይ ሲተከል ፈንገሱ የሚመገበው ሥር ያጣል፣ ዘሮቹም ከአፈሩ ይመናመናሉ። ሽንኩርት፣ ካሮት ወይም ጥራጥሬ እያፈራረቁ መትከል ይመልሰዋል። ይህን የምናገረው ጎመን አትትከሉ ለማለት አይደለም፤ በዚያው መደብ ላይ ቀጥሎ ጤና አዳም ልትተክሉ ካሰባችሁ ግን መሃል ላይ ጥራጥሬ አስገቡ።

የወንዙን ውኃ በተመለከተ በጥብቅ ልናገር። አቃቂ ወንዝ ከላይ ካሉ ፋብሪካዎችና ከከተማው የሚወጣውን ፍሳሽ ይዞ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ዶክተር ፍስሐ ኢታና በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉትን ብረቶች መርምረው በ2002 አሳትመዋል። የሥር ፈንገስ አንዳንድ ከባድ ብረቶችን በክሮቹ ውስጥ ይዞ ወደ ቅጠሉ እንዳያልፉ በከፊል ሊያግድ ይችላል፤ ይህ ግን መርዙን ከአፈሩ አያጠፋውም፣ ሁልጊዜም አያግደውም። የመድኃኒት ቅጠል ደግሞ ስናደርቀው ውኃው ይሄድና ብረቱ ይቀራል፣ ከዚያ እናፈላዋለን፣ እንጠጣዋለን፣ ለታመመ ሰው፣ አንዳንዴም ለሕፃን እንሰጠዋለን። ስለዚህ ለመድኃኒት የምትተክሉትን በዚህ ወንዝ ውኃ አታጠጡ። የቧንቧ ወይም የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከሌላችሁ ለመድኃኒት ብላችሁ ባትተክሉ ይሻላል።

ማዳበሪያስ? ዳፕና ኤንፒኤስ ፎስፈረስ ይሰጣሉ። ተክሉ ፎስፈረሱን እንደልብ ካገኘ ፈንገሱን መመገብ ይተዋል። ለጤፍና ለስንዴ ማዳበሪያው የግድ ሊሆን ይችላል፤ ለጥቂት የመድኃኒት ሥር ግን በደንብ የበሰለ ብስባሽ ይበቃል። ችግኝ በከረጢት ስታፈሉ ከጤነኛ አሮጌ ተክል ሥር፣ ጎመንና ቆስጣ ካልነበረበት ቦታ፣ አንድ እፍኝ አፈር ከነቀጫጭን ሥሩ አምጥታችሁ ቀላቅሉበት። ተክሉ ጠውልጎ ወይም ሥሩ በስብሶ ከሆነ ግን ከዚያ አፈር አትውሰዱ፤ በሽታውን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ዶክተር ተስፋዬ ከጽድና ከዝግባ ያሳዩንን አስታውሱ፤ የሚሻለው አፈር ከራሱ ከተክሉ ዘመድ ሥር የመጣው ነው።

እዚህ ላይ የጤና ጉዳይ አለ፤ ቸል እንዳይባል እፈልጋለሁ። ተክሉ የሚሠራው ንጥረ ነገር በዘሩ፣ በአፈሩና በፈንገሱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ "ሦስት ቅጠል"፣ "አንድ ስኒ" የሚለው የቤት መጠን ከጓሮ ጓሮ እኩል አይደለም ማለት ነው። የገጠር ዘመዳችን በሚሰጠው ልክ ጓሮ ያደገውን ብንጠጣ ሊያንስ ይችላል፤ በጣም የጠነከረውን በተለመደው ልክ ብንጠጣ ደግሞ ሊበዛ ይችላል። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ይታወቃል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሕፃን የምታሳድጉ፣ ቅጠል ከማፍላታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ፋብሪካ መድኃኒት ሲሠራ ንጥረ ነገሩን እየለካ ነው፤ ጓሮ ላይ ሚዛን የለንም።

ከጫካ ኦርኪድ አምጥታችሁ በረንዳ ላይ ማሳደግ ለምትፈልጉ መልሴ አጭር ነው፤ አታምጡ። ኦርኪዱን ከቅርንጫፉ ስትነቅሉት ፈንገሱ ከቅርፊቱ ጋር ይቀራል፤ ዋልካ ውስጥ ከቀበራችሁት ደግሞ ሥሩ ይታፈናል። ሁሉም የኦርኪድ ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ የዚያ ስምምነት አባል ናት። በሌላ ምክንያት ሊቆረጥ በተወሰነ አሮጌ ዛፍ ላይ ኦርኪድ ካያችሁ ግን፣ ከመቆረጡ በፊት ለጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል ወይም ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አሳውቁ። ኢንስቲትዩቱ የረቂቅ ሕዋሳት ክፍል ስላለው፣ ከቅርፊቱ ጋር ቢያገኘው ዘሩንም ፈንገሱንም የማዳን ዕድል ይኖራል። ዘር ብቻውን በቀዝቃዛ መጋዘን ቢቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ የሚያበቅለው ማን ነው? የተመራማሪዎቻችን ሥራ እዚህ ላይ እንዲበረታ ከልቤ እመኛለሁ፤ የኦርኪዶቻችንን ፈንገሶች እየለዩ በጠርሙስ የሚያስቀምጡ ወጣቶች ያስፈልጉናል።

ይህን የሰማችሁ ተማሪዎችና መምህራን፣ የአቃቂ ቃሊቲ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት፣ በቀላሉ የምትሞክሩት ነገር አለ። አንድ ዓይነት የበሶብላ ዘር ውሰዱ። አፈር ወንፊት ላይ ነፍታችሁ በእንፋሎት በደንብ ቀቅሉት፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ይሙት። አፈሩ ሲቀዘቅዝ እኩል እኩል በብዙ ከረጢት ሙሉ። በግማሾቹ ላይ ከአሮጌ በሶብላ ሥር የመጣ እፍኝ አፈር ጨምሩ፤ በሌሎቹ ላይ ያንኑ እፍኝ አፈር ቀቅላችሁ ጨምሩ። ውኃው እኩል፣ ፀሐዩ እኩል ይሁን፤ ማዳበሪያ አትጨምሩ። ሲያብብ ቁመቱን ለኩ፣ ቅጠሉን ቁጠሩ፣ አድርቃችሁ መዝኑ። ከየከረጢቱ እኩል ቅጠል ጨምቃችሁ፣ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ የማያውቁ ብዙ ሰዎችን አስሸትቱና የበለጠ የሚሸተውን ይምረጡ። መልሳቸውን አንድ በአንድ ጻፉ፤ ልዩነት ካላገኛችሁም ያንኑ ጻፉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)